የእንጀራ ልጁ መደብ

በስኳር እርሻው ውስጥ ሐኪሙ እየተባለ የሚጠራው ሰው አንድም ሰው አክሞ አያውቅም። መርፌ ሲያይ ራሱ ፊቱን ያዞራል። የሚያክመው ፍግ ነው። በየማለዳው ከከብት ማድለቢያው ጓሮ፣ ከሰው ቁመት በላይ ወደተከመረው ፍግ ይሄድና ረጅም የብረት ዘንግ ይሰካበታል፤ ጥቂት ይጠብቅና መዝዞ ጫፉን በእጁ ጀርባ ይነካዋል። ብረቱ ከፈጀው፣ «ገና ትኩሳት አለበት» ይላል። ለብ ካለ፣ «እየተሻለው ነው።» ቀዝቅዞ፣ ፍጉም ጠቁሮና ተፈርፍሮ፣ ሽታው የእበት መሆኑ ቀርቶ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸት ደግሞ፣ «ድኗል፣ ውሰዱት» ብሎ ለጫኞቹ ይለቃል። አንድ ጊዜ የቸኮለ የትራክተር ሾፌር ትኩሱን ልጫን ቢል፣ ሐኪሙ መንሹን እንደያዘ ተጎታቹ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለበት። «በሽተኛዬን ከአልጋ አታስነሣም!» አለው። ስሙ የወጣለት ያን ዕለት ነው።

ወደ እርሻው የመጣው በወጣትነቱ፣ በአገዳ ቆራጭነት ነበር። ወገቡ እምቢ እስኪለው ድረስ ቆረጠ። እምቢ ሲለው «ቀለል ያለ ሥራ ይሰጠው» ተባለና ማድለቢያ ተመደበ። «ቀለል ያለ» ያለው ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን ይጠይቃል፤ ደፍሮ እኔ ነኝ ያለው የለም። በሬዎቹ የአገዳ ጫፍና ከስኳር የሚተርፈውን ዝቃጭ፣ ሞላሰስ፣ እየበሉ ይሰባሉ፣ ይሸጣሉ፣ ሌሎች ይተካሉ። ለሐኪሙ የሚቀረው ከኋላቸው የጣሉት ነው። እሱም ያንን ሰብስቦ፣ ከገለባና ከአገዳ ገለፈት ጋር አዳብሎ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ እያገላበጠ ሲያድነው ዕድሜው አለቀ። አላማረረም። ሰው ምን ትሠራለህ ሲለው «መሬት አበላለሁ» ነበር መልሱ፤ ሲናገረውም ደረቱ ትንሽ ይነፋል።

ሚስቱ ደግሞ የምትተዳደረው በጆንያ ነው። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያዎችን ከመጋዘኑ ትወስድና አጥባ፣ ፈትታ፣ ምንጣፍና መጋረጃ፣ የገበያ ቦርሳም ትሰፋለች። የቤታቸው በር ላይ የተንጠለጠለው መጋረጃ ሳይቀር የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ኪሎው ከነማኅተሙ ይነበብበታል። «ጠላትህን ቤት አስገብቼ አንጠለጠልኩልህ» ትለዋለች እየሳቀች። እሱም «መጋረጃነቱንማ መች ጠላሁት» ይላል።

የእርሻው መሬት ሁለት መልክ አለው። የላይኛው ለማድለቢያው ቅርብ ስለሆነ ከድሮ ጀምሮ ፍግ ያገኛል። የታችኛው ሩቅ ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ በጆንያ ከሚመጣው ማዳበሪያ በቀር የቀመሰው ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር፣ የታችኛው አገዳ ጆንያው በተፈታለት ሰሞን እንዴት እንደሚምነሸነሽ ሐኪሙም አይክድም፤ በሳምንቱ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፣ በጥቂት ጊዜ ሰው ያህላል። የሚያበሳጨው ከሥር ያለው ነው። መሬቱ ውሃ ከጠጣ በኋላ ፊቱ እንደ ደረቅ ቆዳ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፣ ዶማ ሲያርፍበት ይነጥራል፣ የመሬት ትል ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። የአምናውን ያህል አገዳ ለማግኘት ዘንድሮ ጆንያ መጨመር ግድ ሆኗል። የላይኛው አገዳ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ አፈሩ ውስጥ ግን እጅ እስከ አንጓው ይገባል፣ በጸሐይ ሰሞንም ከሥሩ እርጥበት አይጠፋም።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። ማድለቢያውን ዘግቶ ቦታውን የጆንያ መጋዘን ሊያደርገው አሰበ። «ፍግ አጓጓዝን የምንለው ውሃና ገለባ ነው» አለ በስብሰባ ላይ። ይህም ውሸት አልነበረም። ይሁን እንጂ ከመዝጋቱ በፊት ይሞከር ተባለና አንዲት ወጣት የአፈር ባለሙያ መጣች። ሙከራው የሚካሄድበት ቦታ ከማድለቢያው ጎን፣ ታርሶም ፍግ ቀምሶም ከማያውቅ ድርቅ ያለ መሬት ተለየላት፤ ፍግ የሚያቀርበውና መደቦቹን የሚንከባከበው ሐኪሙ እንዲሆን ታዘዘ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ፍጉ ጥቅም እንዳለው ከታየ ማድለቢያው ይኖራል፣ ካልታየ ይዘጋል። ሐኪሙ ጡረታው እየተቃረበ ስለሆነ ለራሱ ብዙም የሚቀርበት ነገር የለም። ያንገበገበው የላይኛው መሬት ነው። እንደ ታችኛው ሲደርቅ ታየውና እህል ከአፉ አልገባ አለ።

ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን መደቦቹ መሐል አቁማ አስረዳችው።

«አንደኛው ዓይነት መደብ ፍግ ብቻ ያገኛል፣ ጋሼ። ሁለተኛው ከጆንያው ብቻ። ሦስተኛው ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ።»

«አራተኛውስ?»

«እሱ ምንም አያገኝም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ማለት ምንም ነዋ። ውሃ ይጠጣል፣ ይታረማል፤ በቃ።»

«ምን አጥፍቶ?»

ባለሙያዋ ሳቀች። «ምንም አላጠፋም። ሌሎቹ በበሉት ምን ያህል እንደተጠቀሙ የምናውቀው ካልበላው ጋር ስናስተያያቸው ነው። ማነጻጸሪያ ይባላል።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። የገባው ሰው አነቃነቅ ስለነበር እሷም ወደ ሌላ ነገር አለፈች። እርግጥ ቃሉ ገብቶታል። ሆዱ ግን አልተቀበለውም።

ዕለቱን ማታ ለሚስቱ ሲያወራላት መደቡን «የእንጀራ ልጅ» አለው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። የእንጀራ ልጅ የሚለው ቃል በሱ አፍ ከሌላው ሰው የተለየ ትርጉም እንዳለው ሚስቱ ታውቃለች። ሐኪሙን ያሳደገችው የእንጀራ እናቱ ናት፤ ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ የምታነሣው የሱን ሳህን ነበር፣ የወለደቻቸው ልጆች ከሱ ቀጥሎ ነበር የሚደርሳቸው። ሰው «የእንጀራ ልጅ» ብሎ የተበደለን ሲያነሣ ሐኪሙ ግራ ይገባዋል። በሱ ቤት የእንጀራ ልጅ ማለት ቀድሞ የሚበላው ነው።

አገዳው ተተከለ፣ በቀለ። ሌሎቹ መደቦች ሲወፍሩ የእንጀራ ልጁ ከታች ቅጠሎቹ ጀምሮ ቢጫ እየመታው ሄደ። አገዳው ጣት አከለ፣ አንጓዎቹም ተጠጋግተው ቀሩ። ሐኪሙ በፍጉ ጋሪ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ዓይኑን ወደ ሌላ ይጥላል፤ ዓይኑ ግን ተመልሶ እዚያው ነው።

ለፍጉ መደብ የሚሰጠው ተመዝኖ ነው። ከጋሪው ወለል ላይ የሚቀረው ጥራጊ ወደ ጓሮው ተመልሶ ክምሩ ላይ መደፋት ነበረበት። አንድ ማለዳ ሐኪሙ ያንን ጥራጊ መመለስ ታከተውና፣ ማንም እንዳላየው ካረጋገጠ በኋላ፣ በአካፋ ጠርጎ የእንጀራ ልጁ ሥር ጣል አደረገው። ጥራጊ ነው። ማንን ይጎዳል? በማግስቱም ጣል አደረገ። ሲሰነብት ጥራጊው ወፈር አለ፤ ሐኪሙ ጋሪውን ሲያራግፍ ሆን ብሎ ማስቀረት ጀምሮ ነበር። ክምሩ ውስጥም የእንጀራ ልጁን ፋንታ ለብቻ ይመርጥለት ጀመር፣ በደንብ የዳነውን፣ ጥቁሩን። ከሰጠውም በኋላ በዶማ አፈር ያለብሰዋል። ጸሐይ ላይ የተተወ ፍግ ጉልበቱን ያጣልና። እንዳይታይበትም ነበር፤ ይህን ግን ለራሱም አልነገረም።

ምንም አያገኝም የተባለው መደብ በሙከራው ቦታ በሦስት ጥግ ተደጋግሞ ነበር። ሐኪሙ ለሦስቱም አዳረሰ፤ ቢጫቸውም ቀስ በቀስ ለቀቀ። በዚህ በኩል ማንም አድሏል አይለውም።

ሚስቱ ደረሰችበት። አንድ ጠዋት ጋሪውን ወደ ጓሮ ሲመልስ መንገድ ላይ አገኘችው።

«ጥራጊውን ለማን አበላኸው?»

«የምን ጥራጊ?»

«ጋሪህ እኮ ባዶውን እየተንኳኳ ነው የሚመጣው፣ አንተ ሰው። ድሮ እንዲህ አይጮኽም ነበር።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ገፋ። «ጥቂት ነው» አላት ከራቀ በኋላ።

አገዳው ደረሰና ተቆረጠ፣ ከጉቶው ዳግም አቆጠቆጠ፣ ዳግም ተቆረጠ። ባለሙያዋ አገዳውን መደብ በመደብ አስመዘነች፣ ጭማቂውን እየጨመቀች ስኳሩን ለካች፣ ጸሐይ ላይ ቆማ ፊቷ ከሰለ። ሐኪሙን ትወደው ነበር። ምሳዋን ማድለቢያው ደጃፍ ላይ ከሱ ጋር ትበላለች፤ ትኩሳት መለካቱን እያሳያት ዘንጉን በራሷ እጅ ጀርባ ነክታ ጮኻለች። ለፍጉ እንደምታደላም አልደበቀችውም። «እኔ የምጠብቀው ሁለቱ ሲደባለቁ እንዲበልጡ ነው» ትለው ነበር። «ጆንያው ቶሎ ያደርሳል፣ ፍጉ መሬቱን ያቆያል። ግን የኔ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ የሚናገረው መደቡ ነው።»

መደቡ ተናገረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ባለሙያዋ ወደ ጓሮው መጥታ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አልሆነልንም።»

ሐኪሙ ዘንጉን ክምሩ ውስጥ እንደሰካ ዞረ።

«ጆንያ የቀመሱት ሁለቱም ዓይነቶች በለጥ ብለዋል፣ የተደባለቀው እንዲያውም ከጆንያው ብቻ ትንሽ ያንሳል። ፍግ ብቻ ያገኘው ግን…» ትንፋሽ ወሰደች። «ፍግ ብቻ ያገኘውና ምንም ያላገኘው እኩል ናቸው። በቁመትም፣ በክብደትም፣ በስኳርም። ለምን እንደሆነ እኔ እንጃ። የአፈሩን ምርመራ ገና አልሠራሁም። ሥራ አስኪያጁ ግን ሚዛኑን አይቶ ጨርሷል። ፍግና ምንም እኩል ከሆኑ ለምንስ እንደክማለን ነው የሚለው። ነገ ስብሰባ አለ፤ ማድለቢያው እንዲዘጋ ይወሰናል።»

«ፍግና ምንም እኩል ናቸው» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፤ የሰማውን በራሱ አፍ ሊሞክረው የፈለገ ይመስል ነበር።

ከዚያ ገባው። ያን ቀን መደቦቹ መሐል ቆማ ያስረዳችውና ራሱን የነቀነቀለት ነገር አሁን ሙሉ በሙሉ ገባው። ፍጉን ከምንም ጋር አላወዳደሩትም፤ ከፍግ ጋር ነው ያወዳደሩት፣ ያውም ከተመረጠው ጋር። አበላሁ ብሎ የማድለቢያውን ጉሮሮ አንቆ ኖሯል።  ዘንጉን ሳይመዝዝ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ ስፌቷ ላይ ነበረች። ነገራት። መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካች።

«ዝም ብትልስ?» አለችው።

«ይዘጋላ።»

«ብትናገርስ?»

«የተመዘነ ሥራ አበላሸ ብለው ያባርሩኛል። ለጡረታ ይሄን ያህል ሲቀረኝ።» በጣቶቹ ትንሽ ነገር አሳያት።

«እና ያቺ ልጅ?»

 ስለ ጡረታው ከተጨነቀው በላይ ስለ ልጅቷ አፈረ። ሚስቱም አይታ ነበረና ሌላ አልጠየቀችውም፤ ለስብሰባ የሚለብሰውን ሸሚዝ አውጥታ መተኮስ ጀመረች። ሸሚዙን ሲያይ የወሰነችለት እሷ መሆኗ ገባው።

በማግስቱ ስብሰባው መሐል ሐኪሙ በር አንኳኩቶ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ራስ ላይ፣ ባለሙያዋ ጎኑ ላይ ተቀምጠዋል። ቁጭ በል ቢሉት አልተቀመጠም።

«ምንም ያልበላ የተባለው መደብ በልቷል» አለ። «ያበላሁት እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ አልገባውም። «ምን አበላኸው?»

«ፍግ ነዋ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። ሦስቱንም ቦታ።»

 ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ መሳቁን ሲያውቀው ተቆጣ። «በዚህ እርሻ ስኳር የሚሰርቅ አይቻለሁ፣ ናፍጣ የሚሰርቅም አይቻለሁ። ፍግ ሰርቆ መልሶ መሬት ላይ የሚደፋ ሌባ ግን በሕይወቴ አላየሁም! ለምን ስትል?»

ሐኪሙ ያዘጋጀው መልስ ብዙ ነበር። የወጣው ግን፣ «ርቦት ነበር» የሚል ብቻ ሆነ።

ባለሙያዋ ተነሥታ ወጣች፤ ሐኪሙም ተከተላት። ሥራ አስኪያጁም፣ ምን ሊሆን ነው ብሎ፣ ከኋላ መጣ። በቀጥታ ወደ እንጀራ ልጁ መደብ ሄደችና አካፋ ተክላ ቆፈረች። አካፋው ሳያስቸግር ገባ። የወጣው አፈር ጥቁርና ፍርፍር ያለ ነበር፤ መሐሉ ላይ ሁለት ወፋፍራም ትሎች ተጠቀለሉ። ከጎኑ፣ ከጆንያው ብቻ ወደሚያገኘው መደብ ተሻግራ ቆፈረች። እዚያ አካፋውን በእግሯ መርገጥ ነበረባት፤ አፈሩ እንደ ጡብ ተፈንቅሎ ወጣ፣ ትልም አልነበረበትም። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን አፈር በሁለት እጁ ዘግኖ ፈጨት ፈጨት አደረገ። 

ባለሙያዋ አካፋውን ጥላ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ጸሐይ ላይ የቆምኩት ለምን ነበር፣ ጋሼ? አብረን እየበላን! አንድ ቀን እንኳ አይነግሩኝም? ለመደቡ አዘኑለት፤ ለእኔ አላዘኑልኝም?»

ሐኪሙ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። «ጥፋተኛ ነኝ፣ ልጄ» አለ። 

ውሳኔው ሲመጣ የተበላሸ ሙከራ ለምንም አይረዳም ተባለ፣ ለመዝጋትም ላለመዝጋትም። ሥራ አስኪያጁ ያቺን የደረቀች አፈር በእጁ ስለያዛት ይሆናል፣ ችኮላው በረድ ብሎ ነበር። በሌላ ቦታ ከመጀመሪያው ይጀመር፣ እስከዚያ ማድለቢያው ባለበት ይቆይ አለ። ለሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፤ ከሥራ አልተባረረም። ፍግ የሚያመላልስ ሌላ ሰው ተመደበ።

«ማነጻጸሪያውን የሚጠብቁት ግን እሳቸው ናቸው» አለች ባለሙያዋ።

«እሱ? ደግሞ እሱ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እሳቸው ካላበሉት ማን ያበላዋል? ደግሞም መደቡ ሲራብ ቆመው ይዩት።»

ይህ ቅጣት ይሁን እምነት ሐኪሙ እስከ ዛሬ አልለየውም። ጠይቆም አያውቅም። ባለሙያዋም ለብዙ ጊዜ ምሳዋን ለብቻዋ በላች።

አዲሶቹ መደቦች በቀሉ። የእንጀራ ልጁ እንደገና ከታች ጀምሮ ቢጫ መታው፣ ቀጠነ። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ሲመጣ ጫማውን መደቡ ዳር ያወልቃል፤ የጫማው ሶል ለዘመናት ፍግ ሲረግጥ የኖረ ስለሆነ አያምነውም። በባዶ እግሩ ገብቶ አረም ይነቅላል፣ ውሃ ይለቃል፣ ይወጣል። ውጤቱ ሲታወቅ እሱ ጡረታ ወጥቶ ይሆናል። ይህን ያውቃል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሚስቱ ምሳ ይዛለት መጣች። በዚያው ሰዓት የሰቡ በሬዎች ወደ ሚዛን እየተነዱ በቦዩ ዳር ያልፉ ነበር። አንደኛው ከመንገድ ወጣ ብሎ መደቡ ጫፍ ላይ ቆመና ጅራቱን አነሣ። ሐኪሙ እየጮኸ ሮጠ፤ አልደረሰበትም። እበቱ ከቢጫዎቹ አገዳዎች ሥር ተዘርግፎ እንፋሎቱ ይወጣ ነበር።

ቆቡን አውልቆ ተንበረከከና በእጁ እየዛቀ ቆቡ ውስጥ ይከተው ጀመር።

«ይቺን እንኳ ተዋት እንጂ!» አለች ሚስቱ። «በሬው በራሱ ፈቃድ የሰጠውን! አንተ አልሰጠኸው።»

«አይሆንም።»

«እሺ ለፍጉ መደብ ስጠው፣ እዚህ ጎን ነው።»

«የሱም ተመዝኗል።»

የነካውን አፈር ሳይቀር በጥፍሩ ፍቆ አነሣ። ቆቡን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ በባዶ እግሩ፣ እስከ ማድለቢያው ጓሮ ድረስ ሄደና ክምሩ ላይ ደፋው። እጁን ታጥቦ ሲመለስ ሚስቱ መደቡ ዳር ጨርቅ አንጥፋ ምሳውን ከፍታ ነበር። ሐኪሙ ተቀመጠ፣ አንድ ጉርሻ አነሣ። ከፊቱ የእንጀራ ልጁ ቅጠል በነፋስ ይንኮሻኮሻል። ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ሊደብቃትም አልሞከረም።

«ምነው?» አለችው።

«እሱ እያየን?»

ሚስቱ መደቡን አየች፣ እሱን አየች። ልትስቅ ነበር፣ ተወችው። ሳህኑን ከደነችና ጨርቁን አጠፈች፤ ተነሥተውም ከቦዩ ማዶ፣ መደቡ በማይታይበት በኩል ሄደው በሉ።